በኩባንያ ገንዘብ ፒኤችዲ፣ ፈረንሳይ፦ ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጀማሪ ተመራማሪ ጽፏል፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ኮምፒውተር ሳይንስ በማስተርስ ጨርሼ አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌክቸረር ነኝ። ፒኤችዲ ስፈልግ ከርሜ አሁን ከፈረንሳይ ዕድል መጥቶልኛል። እንደለመድነው ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አይደለም። ሲፍር የሚባለው ነው። አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ለሦስት ዓመት ይቀጥረኛል፣ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ያማክረኛል፣ መንግሥት ደግሞ ኩባንያውን ይደጉማል። ርዕሱ ንግግርን ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው፤ በተለይ ብዙ ዳታ ለሌላቸው ቋንቋዎች። የማስተርስ ሥራዬ በአማርኛ ንግግር ላይ ስለነበር የመረጡኝም ለዚያ ነው።

ቃለ መጠይቁን አልፌአለሁ። የቅጥር ውሉ ረቂቅ ደርሶኛል። ደመወዙ ጥሩ ይመስላል። ጓደኞቼ "ምን ታስባለህ፣ ፈርም እንጂ" ይሉኛል። እኔን ግን ሁለት ነገር ከንክኖኛል። አንደኛ፣ ማንኛውም ፔፐር ከመታተሙ በፊት ኩባንያው በ90 ቀን ውስጥ አይቶ መፍቀድ አለበት ይላል። ሁለተኛ፣ ኩባንያው ቢዘጋ ወይም ሐሳቡን ቢቀይር እኔ ምን እንደምሆን የትም አልተጻፈም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ግሬኖብል ያለሁ መለሰ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔ ግሬኖብል የሲፍር ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ነኝ። እንደማውቀው ላስረዳህ።

ሲፍር የቆየ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ። የሚያስተዳድረው አኤንኤርቴ የሚባል ማኅበር ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከከፍተኛ ትምህርትና ምርምር ሚኒስቴሩ ነው። ድጎማው ለብዙ ዓመታት በዓመት 14,000 ዩሮ ሆኖ ቆይቷል። የሚከፈለው ለኩባንያው ነው እንጂ ላንተ አይደለም። ኩባንያው ለምርምር ባወጣው ወጪ የግብር ቅናሽም ያገኛል። ይህን የምነግርህ "ትልቅ ውለታ ዋሉልኝ" ብለህ አንገትህን እንዳትደፋ ነው። እነሱም ይጠቀማሉ።

አንተ የምታገኘው ደመወዝ ነው። ዝቅተኛው መጠን በየጊዜው ይሻሻላል፤ በ2024 በዓመት 25,200 ዩሮ ነበር። ይህ ግን ጥቅሉ ነው። ለማኅበራዊ ዋስትና ከመቶ 22 ገደማ ስለሚቆረጥ እጅህ የሚገባው በወር ከ1,600 ዩሮ ትንሽ አለፍ ይላል። ግሬኖብል ውስጥ ያኖራል። ፓሪስ ከሆነ የቤት ኪራዩ ይፈትንሃል። ከዝቅተኛው በላይ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከተለመደው ስኮላርሺፕ የሚለየው ትልቁ ነገር ተቀጣሪ መሆንህ ነው። ጡረታ ይታሰብልሃል፣ ሕክምና አለህ፣ የዓመት ፈቃድ አለህ። ሦስት ዓመቱ አልቆ ገና እየጻፍክ ከሆነም ለሥራ አጥነት አበል ማመልከት ትችላለህ። ይህ ብዙ ሰው የታደገ ነገር ነው። በእኛ መስክ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ጽሑፉን አጠናቆ ያስረከበ ተማሪ ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የላኩልህ የቅጥር ውሉን ነው። ዋናው ወረቀት እሱ አይደለም። በኩባንያውና በዩኒቨርሲቲው መካከል የሚፈረም ሌላ የትብብር ውል አለ። የፔፐሩ፣ የዳታው፣ የባለቤትነቱ ጉዳይ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተቋማት ተማሪው ሳያየው ይጨርሱታል። አንተ ግን ከመፈረምህ በፊት "ረቂቁን ልየው" በል። ፕሮፌሰሩን ጠይቀው። ደህና አማካሪ በዚህ አይከፋም። የሚከፋ ከሆነም ከአሁኑ ብታውቀው ይሻልሃል።

90 ቀን በኮምፒውተር ሳይንስ በጣም ብዙ ነው። እኛ ዘንድ ትልልቁ ነገር የሚታተመው በኮንፈረንስ ነው፤ ኮንፈረንስ ደግሞ ቀኑ ካለፈ አለፈ ነው። ኒዩሪፕስ የሚባለው ትልቁ የማሽን ለርኒንግ ኮንፈረንስ ፔፐር የሚቀበለው በሜይ ወር ነው። ደህና ውጤት የሚገኘው ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው። የኩባንያው ጠበቃ ወረቀቱን ሦስት ወር ይዞት ከተቀመጠ ያ ዓመት አመለጠህ። ስለዚህ 30 ቀን ጠይቅ። ከዚያም "በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልሰጡ እንደፈቀዱ ይቆጠራል" የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባበት። ከቀኑ ቁጥር ይልቅ የምትጠቅምህ ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

አዲስ ኮደር መለሰ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ልጁን በጥያቄ ብዛት አታስፈሩት። እዚህ አገር ፒኤችዲ ለመጀመር ስንት ሰው ወረፋ ይዞ ነው የተቀመጠው። ደመወዝ አለ፣ ቪዛ አለ፣ ጥሩ ላብራቶሪ አለ። ገና ሳይገባ ጠበቃ መስሎ ከቀረበ ዕድሉን ለሌላ ሰው ቢሰጡትስ? እኔ ብሆን ፈርሜ እገባለሁ፤ ሌላውን እዚያው ደርሼ አስተካክላለሁ።

ግሬኖብል ያለሁ መለሰ፦

ስጋትህ ይገባኛል፤ ግን እዚያ ከደረስክ በኋላ አይስተካከልም። ውል ከተፈረመ በኋላ ለአንድ ተማሪ ብሎ እንደገና የሚደራደር ኩባንያ ማግኘት ከባድ ነው። ድርድር የሚቻለው አሁን ነው፣ እነሱ እሱን በሚፈልጉበት ሰዓት። ደግሞም ማመልከቻውን ለአኤንኤርቴ የሚያቀርበው ኩባንያው ራሱ ነው። ሰው መርጠው፣ ላብራቶሪ ፈልገው፣ ፋይል አዘጋጅተው በሁለት ትሕትና ባላቸው ጥያቄዎች አይተዉትም። ማመልከቻው ዓመቱን ሙሉ ስለሚገባም "ቀኑ ሊያልፍ ነው፣ ቶሎ ፈርም" ቢሉህ አትደንግጥ።

በጽሑፍ ጠይቅ፣ በአጭሩ ጠይቅ። እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ሥራ ጉዳይ አድርገህ።

አሮጌው መምህር ጽፈዋል፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በማስተማር ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ በኩባንያ ገንዘብ የተማሩ ተማሪዎችንም አማክሬአለሁ። ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ውጤቱ ለከፋዩ ደስ የማይል ሲሆን ማን ይወስናል የሚለው ነው።

የእኛዋን ትምኒት ገብሩን አስቡ። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ስታንፎርድ ዶክትሬቷን ሠርታ፣ ጉግል ውስጥ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥነ ምግባር ቡድንን በጋራ ትመራ ነበር። በዲሴምበር 2020 ከድርጅቱ የተለያየችው ስለ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አደጋ በተጻፈ አንድ ፔፐር ምክንያት ነው። ፔፐሩን እንድትስብ ወይም የድርጅቱን ሠራተኞች ስም እንድታወጣ ተጠየቀች። እሷ አባረሩኝ አለች፣ ድርጅቱ በራሷ ለቀቀች አለ። በስሟና በዝናዋ የምትታወቅ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ እንዲህ ከገጠማት፣ ገና ጀማሪ ተማሪ ምን መከላከያ አለው? መከላከያው አስቀድሞ የተጻፈ ውል ነው። ሌላ የለም።

አዲስ ኮደር መለሰ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምለው፤ የእሷ ጉዳይ ግን ይለያል። እሷ የድርጅቱ ሠራተኛ ነበረች። ይህ ልጅ ተማሪ ነው፣ ከጀርባው ዩኒቨርሲቲ አለ።

አሮጌው መምህር ጽፈዋል፦

ልጄ፣ ጭንቀቴም እዚያው ላይ ነው። ይህም ልጅ ሠራተኛ ነው። ግሬኖብል ያለው ልጅ እንደነገረን ውሉ የቅጥር ውል ነው። ተማሪነቱም ሠራተኛነቱም አንድ ላይ ነው የሚሄዱት፤ ሁለቱ የተጋጩ ቀን የትኛው እንደሚያሸንፍ በወረቀት መታወቅ አለበት።

ሐበሻ በኤደንብራ ጽፋለች፦

ለማነጻጸር ያህል የእንግሊዙን ልንገራችሁ፤ ስሙ ኢንደስትሪያል ኬዝ ነው። እዚህ ተማሪው የኩባንያው ተቀጣሪ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ግብር የማይቆረጥበት የኑሮ ድጎማ ያገኛል። አብዛኛውን የመንግሥት የምርምር ምክር ቤት ይሸፍናል፣ ኩባንያው ይጨምርበታል፣ ተማሪው ቢያንስ ሦስት ወር ኩባንያው ዘንድ ሄዶ ይሠራል። በ2024/25 ዝቅተኛው ድጎማ በዓመት 19,237 ፓውንድ ነበር። ለውጭ አገር ዜጋ ግን በሩ ጠባብ ነው፤ በምክር ቤቱ ገንዘብ ከሚገቡት አዲስ ተማሪዎች የውጭ ዜጎች ከመቶ 30 እንዳይበልጡ ተወስኗል።

በነፃነት በኩል የእኛው ይሻላል፣ በኑሮ ዋስትና በኩል የእናንተው። ጡረታ የለኝም፣ የሥራ አጥ አበል የለኝም። ግን ኩባንያው ነገ ቢወጣ እኔ አሁንም የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነኝ፤ ወርኃዊ ክፍያዬም በዩኒቨርሲቲው በኩል ነው የሚመጣው።

የጉግል ፒኤችዲ ፌሎሺፕ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚህ ቤት እሱን ከእነዚህ ጋር የሚያደባልቅ ሰው አያለሁ። እሱ ከ2009 ጀምሮ ያለ ሲሆን የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲ ለሚማር ሰው ነው። ርዕስህ የራስህ ነው፣ እነሱ ዘንድ ኢንተርንሺፕ ካልሠራህ በስተቀር በባለቤትነት ላይ ጥያቄ አያነሱም። የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችም ይወዳደራሉ። አገር ቤት ፒኤችዲ የጀመራችሁ እሱን ተከታተሉ።

ሊንሾፒንግ ጽፏል፦

ከስዊድን ሰላም። "ኩባንያው ሐሳቡን ቢቀይር" ስላልከው ልናገር፤ የደረሰብኝ ነገር ነው።

እዚህ የዋለንበርግ ፋውንዴሽን የሚደግፈው ዋስፕ የሚባል ትልቅ ፕሮግራም አለ። ቢያንስ 600 ዶክተሮችን የማስመረቅ ግብ ይዞ የተነሳ ነው፤ ከእነዚህ ቢያንስ 150ዎቹ ከኢንዱስትሪ የሚመጡ ናቸው። የኢንዱስትሪ ተማሪ ማለት ቀድሞውኑ የኩባንያው ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ተቀምጦ በቀጥታ ማመልከት አይሠራም፣ መጀመሪያ መቀጠር አለብህ። የሲፍር ጥቅሙ ቅጥሩንና ፒኤችዲውን በአንዴ ማድረጉ ነው፤ ዜግነትም አይጠይቅም።

እኔ ሌላ ኩባንያ ውስጥ፣ ዋስፕ ሳልሆን፣ በኢንዱስትሪ ፒኤችዲ ላይ ነበርኩ። ኩባንያው አልተዘጋም። ቡድኑ እንደገና ተደራጀና ርዕሴን የሚያውቀው ሥራ አስኪያጅ ለቀቀ። አዲሱ ሰው የእኔ ምርምር ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባውም። ቀስ በቀስ የምርት ሥራ ይጭኑብኝ ጀመር። ዛሬ አንድ ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ማረም፣ ነገ አንድ ሪሊዝ (አዲስ ሥሪት) ማውጣት። ምርምሩ ወደ ማታና ወደ ቅዳሜ ተገፋ። ያወጣኝ የስዊድን ሥርዓት ነው። በመሀል ላይ ሊሴንሲያት የሚባል ዲግሪ አለ፤ እሱን ያዝኩና ከዚያ በኋላ ቀሪውን በዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ጨረስኩ። ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ ያለ መሀል ማረፊያ የለም። ስለዚህ ጊዜህን በውል አስጽፍ። በሳምንት ስንት ቀን ላብራቶሪ፣ ስንት ቀን ኩባንያ፣ የኩባንያውም ቀን ለምርምሩ ብቻ መሆኑ ይገለጽ። ትኩረት የምሰጥበት አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ድርጅቶች እምብዛም አይከስሩም፣ ሥራ አስኪያጅ ግን ሁልጊዜ ይቀየራል።

ግሬኖብል ያለሁ መለሰ፦

ሊንሾፒንግ እውነቱን ነው። ከዚህ በታች የምለው በፈረንሳይ ሊያግዝህ የሚችለውን ነው።

በየዓመቱ የክትትል ኮሚቴ የሚባል ፊት ትቀርባለህ። ሕጉ ያስገድዳል። ከአማካሪህም ከኩባንያህም ውጭ የሆኑ ሰዎች አሉበት፤ አማካሪህ በሌለበት ለብቻህ የሚያነጋግሩህ ጊዜም አለ። የምርት ሥራ ሲበዛብህ የምትናገረው እዚያ ነው። ብዙ አበሻ እዚያ ሲደርስ "ሁሉም ደህና ነው" ብሎ ይወጣል። አታድርገው። የተናገርከው በሪፖርት ስለሚመዘገብ በኋላ ማራዘሚያ ስትጠይቅ ማስረጃ ይሆንልሃል።

ኩባንያው ቢዘጋ ተቀጣሪነትህ ያበቃል፤ የዶክትሬት ምዝገባህ ግን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ስለሆነ በዚያ ምክንያት አይሰረዝም። ቀሪውን ዓመት ማን እንደሚከፍል ነው ጥያቄው። የዶክትሬት ትምህርት ቤቱን ኃላፊ "እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ?" ብለህ ቀጥታ ጠይቅ።

ስለ ኮዱ አትሳሳት። በፈረንሳይ ሕግ ሠራተኛ በሥራው የጻፈው ሶፍትዌር የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍህ ግን ያንተ ነው። ስለዚህ "ኮዴን በኋላ ለሁሉም እለቃለሁ" ብለህ ካሰብክ ከአሁኑ አስፈቅድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴዝ ነጥብ ኤፍኤር (theses.fr) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግባና የፕሮፌሰሩን ስም ፈልግ። በፈረንሳይ የተሠሩና በመሠራት ላይ ያሉ የዶክትሬት ጽሑፎች እዚያ ይመዘገባሉ። ስንት ተማሪ አስመርቋል፣ በስንት ዓመት፣ ጀምሮ የቀረ አለ ወይ የሚለውን መገመት ትችላለህ። ከዚያ ከተመረቁት ለአንዱ ኢሜይል ጻፍ። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከየትኛውም ቃለ መጠይቅ የበለጠ ይነግርሃል።

ፊደል ወዳድ ጽፋለች፦

እኔ ደግሞ ስለ ርዕሱ። ዳታ የሌላቸው ቋንቋዎች የሚለው ልቤን ነክቶታል፤ እኔም አማርኛ ላይ ነው የምሠራው።

ወንድሜ፣ ኩባንያው የአማርኛ ዕውቀትህን አይቶ ከመረጠህ በምርምሩ ውስጥ አማርኛ ስሙ ተጠርቶ ይግባ። "ዳታ የሌላቸው ቋንቋዎች" የሚለው ሰፊ ነው፤ ነገ ኩባንያው ደንበኛ ወዳለበት ቋንቋ ቢዞር ምንም አትልም። አንድ ምዕራፍ በአማርኛ ይሁን፣ በፕሮጀክት መግለጫው ላይ ይጻፍ።

ደግሞ የምትሰበስበው ድምፅ የማን ይሆናል? ይህ በጣም ያሳስበኛል። የአገራችን ሰው ድምፁን ሰጥቶ፣ ዳታው ኩባንያ ሰርቨር ውስጥ ተቆልፎ፣ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ግን እንደገና ከዜሮ ሊጀምር አይገባም። ማሳካኔ የሚባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ስብስብ ልጆች ሥራቸውን ለሁሉም ክፍት እያደረጉ ነው ለብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች መሠረት የጣሉት፤ በ2021 ያወጡት የስሞች መለያ ዳታ ውስጥ አማርኛም አለበት። አንተም ቢያንስ ለምርምር የሚሰበሰበው የአማርኛ ክፍል ለሕዝብ እንዲለቀቅ ጠይቅ። የደንበኞቻቸውን ቅጂ አይደለም የምንለው፤ እሱ የግል ነው፣ መነካትም የለበትም። በፈቃደኞች የሚነበበውን ነው።

ባሕር ዳር ሌክቸረር ጽፏል፦

እዚህ ያለውንም አትርሳ። ዩኒቨርሲቲህ የትምህርት ፈቃድ ሲሰጥህ ዋስ አስጠርቶ፣ ተመልሰህ እንድታገለግል ውል ያስፈርምሃል። ያንተ ደግሞ ውጭ አገር ተቀጥሮ መሥራትም አለበት። ፈቃዱ ከደመወዝ ጋር ነው ወይስ ያለ ደመወዝ፣ የአገልግሎት ግዴታውስ ስንት ዓመት ነው? ይህን ለሰው ሀብት ከመሄድህ በፊት ለዲንህ ንገረው። ዋስ የሚሆንህ ዘመድ ላይ ዕዳ እንዳይመጣ። የዲግሪህን ማረጋገጫም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አሁኑኑ ጀምር፣ ከዚያ ወደ ውጭ ጉዳይ ትወስደዋለህ። ቪዛው ላይ ስትደርስ ጊዜ የሚበላህ እሱ ነው።

ትዳር ካለህ ደግሞ ግሬኖብል ያለውን ወንድማችንን ጠይቀው።

ግሬኖብል ያለሁ መለሰ፦

ተመራማሪ ሆኖ የሚገባ ሰው ታለንት የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለዚያም ዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ስምምነት ወረቀት ያዘጋጅልሃል። ባለቤትህም የቤተሰቡን ፈቃድ ታገኛለች፣ መሥራትም ትችላለች። ይህ ከተራ የተማሪ ቪዛ በብዙ ይሻላል። ስለዚህ "የተማሪ ቪዛ አውጣ" ቢሉህ ለምን ብለህ ጠይቅ።

ጀማሪ ተመራማሪ ጽፏል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎንም በተለይ።

ያላችሁኝን አደረግሁ። ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩለት፤ የትብብር ውሉን ረቂቅ በማግስቱ ላከልኝ። እንዲያውም "ተማሪዎች ይህን አይጠይቁም፣ መጠየቅ ነበረባቸው" አለኝ። ከቀድሞ ተማሪዎቹም አንዷ መለሰችልኝ። እሷ የነገረችኝ ከሊንሾፒንግ ጋር አንድ ነው፤ ያስቸገራት ገንዘቡ ሳይሆን የምርት ሥራው ነበር።

ከኩባንያው ጋር በቪዲዮ ተነጋገርን። 90 ቀኑን ወደ 30 አወረዱት፣ ዝም ካሉ እንደፈቀዱ የሚለውም ገባ። በሳምንት ሁለት ቀን ላብራቶሪ፣ ሦስት ቀን ኩባንያ ሆኖ የኩባንያውም ቀን ለምርምሩ መሆኑ ተጻፈ። ኮዱ ላይ አልተስማሙም፤ የእነሱ ሆኖ ይቀራል። ይህን ተቀብያለሁ። የአማርኛው ምዕራፍ በፕሮጀክት መግለጫው ውስጥ ስሙ ተጠርቶ ገብቷል። በፈቃደኞች የሚነበበውን ዳታ ስለመልቀቅ ግን "ጠበቃችን ይየው" ብለዋል፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ዲኔም ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንደሚሻል ነግሮኛል።

አዲስ ኮደር፣ ዕድሉ እንዳያመልጠኝ ተጨንቀህ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ። ማንም አልተቆጣም።

ፊደል ወዳድ፣ ከፈቃደኞች ድምፅ ስትሰበስቡ የምታስፈርሙት የስምምነት ቅጽ በአማርኛ አላችሁ? ጠበቃቸው ዘንድ ይዤ ልቅረብ።

ፊደል ወዳድ ጽፋለች፦

አለን። አማርኛውንም ፈረንሳይኛውንም። በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ። የፈቃድ ዓይነቱን የሚገልጸው አንቀጽ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ጠበቃቸው መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።